ሁለት ዓይን ያላት ሳጥን

የሰፈሩ ሰው መርፌ የሚላት በሥራዋ ብቻ አልነበረም። ፍራሽና ትራስ ትሰፋለች፤ ይህ እውነት ነው። ግን ዋጋ ሊያስቀንስ የወጣ ደንበኛ አንገቱን ደፍቶ ከደረጃው ሲወርድ ያየ ሁሉ፣ ስሙ ከየት እንደመጣ ያውቃል። «የእሷ ምላስ ያለ ክር ይሰፋል» ይላሉ ታች ቤት ያሉት። ትሰማቸዋለች። ሰምታም አታልፋቸውም።

የምትኖረው ከእናቷ ጋር ነው፤ ከብረት ማቅለጫው ጀርባ፣ ቀለሙ በረገፈ አሮጌ ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ። ከተማዋ በተራሮች መካከል እንደ ጎድጓዳ ሳህን የተቀመጠች ናት፤ የገባባት ጭስ መውጫው ይጠፋዋል። ጠዋት ጉም ይተኛባታል፤ ጉሙ ሲነሳ የማቅለጫው ጭስ ቦታውን ይወርሳል። ከኩሽናው ጀርባ አንዲት ጠባብ ሰገነት አለች። የእናትየው ዓለም እሷ ናት፦ አንድ ወንበር፣ አንድ ትራስ፣ ከታች የሚያልፍ ሰው፣ ካለፈ በኋላ የሚታማ ሰው።

እናትየው ዕድሜዋን ሙሉ ጥጥ ስትነድፍ ኖራለች። ግማሹ ጥጥ ፍራሽ ውስጥ ገባ፤ ግማሹ ደረቷ ውስጥ ቀረ። ሽታ መለየት ካቆመች ቆይታለች። ጥቂት ደረጃ ወጥታ ትቆማለች፤ አንዱን ዓረፍተ ነገር ለሁለት ከፍላ ትጨርሳለች።

«አየሩ መጥፎ በሆነ ቀን እንዳይወጡ፤ መስኮትም እንዳይከፍቱ» አላት ሐኪሙ። «ደረትዎ ሌላ ጭስ አይችልም።»

«እዚህ ከተማ ውስጥ... አየሩ ጥሩ የሆነበት ቀን የቱ እንደሆነ አብረህ ንገረኛ፣ ልጄ» ብላው ተመለሰች። ምላስ በዘር ነው።

ባለሳጥኑ የመጣው የዚህን ጥያቄ መልስ ተሸክሞ ነበር።

ከአየር ጥራት ቢሮ ነው የተላከው። እንደ ተሸከመው መሰላል የረዘመና የቀጠነ፣ ሲናገር ዓይኑን ወደ ጫማው የሚሰብር ወጣት ነው። ክንዱ ሥር ነጭ ሳጥን ወሽቋል።

«የሰገነታችሁን ግድግዳ ልንጠቀምበት ፈልገን ነበር» አለ በሩ ላይ ቆሞ። «ትንሽ ናት። ድምፅ የላትም።»

«ግድግዳው ድምፅ አይፈራም፤ ከኛ ጋር ነው የኖረው» አለችው መርፌ። «ምን ትሠራለች?»

«አየሩን ታያለች።»

«አየር ደግሞ ይታያል?»

ባለሳጥኑ ክዳኑን ፈትቶ አሳያት። ውስጡ የክብሪት ቀፎ የሚያካክሉ ሁለት ብረቶች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ስለ ሥራው ሲሆን ዓይኑ ከጫማው ላይ ተነሳ።

«ይህቺ ማራገቢያ አየሩን ትስባለች። ውስጥ የሌዘር ጨረር አለ፤ እንደ ክር የቀጠነ ብርሃን በሉት። ከአየሩ ጋር የገባች ብናኝ በጨረሩ ስታልፍ ብርሃኑን ትበትነዋለች፤ ብልጭ ትላለች። ከጎን ያለችው ዓይን ያንን ታያለች። ብዙ ብልጭታ ካለ ብዙ ብናኝ አለ ማለት ነው። የብልጭታዋ ጉልበት ደግሞ የብናኟን መጠን ይናገራል።»

መርፌ እጅጌውን ይዛ ወደ ሥራ ክፍሏ አስገባችውና የመስኮቱን መዝጊያ ገጠመችው። ክፍሉ ጨለመ። በተሰነጠቀው ሳንቃ በኩል አንድ ቀጭን የፀሐይ ጨረር ገብቶ ወለሉ ላይ ወደቀ፤ በጨረሩ ውስጥ የጥጥ ብናኝ እየተብለጨለጨ ይወጣል፣ ይወርዳል።

«ይኸው ሳጥንህ» አለች። «እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ውስጧ ነው የምኖረው።»

ባለሳጥኑ ወደ ጨረሩ ተጠጋ። ጨረሩ የፊቱን ግማሽ ያበራዋል። እሷ ግማሹን ፊት አየች፤ ከዚያ ማየቷን እንዳያይባት ወደ ጥጡ ዞረች።

«ልክ ይኸው ነው» አለ ቀስ ብሎ። «ልዩነቱ፣ የኔዋ ሳጥን አትስቅም።»

«እኔ መቼ ሳቅኩ?»

«ዓይንሽ ስቋል።»

«በሉት» ብሎ የጀመረው ሰውዬ «ዓይንሽ» ላይ ደርሷል። መርፌ ልብ አለች፤ ግን አልወጋችውም። እናትየው ከኩሽና ሆና ዝምታውን አዳመጠች። ልጇ መልስ ያጣችበትን ቀን ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነበር።

ሳጥኗ ስትሰቀል እናትየው ከወንበሯ ሆና ትቆጣጠር ነበር። «ለምንድን ነው ሁለት የሆኑት?»

«አንዷ ብትዋሽ ሌላዋ እንድታጋልጣት ነው፣ እማማ» አለ ከመሰላሉ ላይ። «ሁለቱ ዓይኖች ሲስማሙ እናምናቸዋለን። ሲጣሉ ግን ሁለቱንም አናምንም፤ ስልክ ላይ በምታዩት የአየር ካርታ ያለችው ነጥባችሁ ግራጫ ትሆናለች። ያኔ መጥቼ አያታለሁ።»

«እንደ ባልና ሚስት በለኛ። እኔና አባቷ ስንጣላ... ጎረቤት ሁለታችንንም አላመነም ነበር።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤቱ በነጥቧ ይተዳደር ጀመር። እናትና ልጅ ስልካቸው ላይ የአየር ካርታው አላቸው፤ በካርታው ላይ የእነሱ ግድግዳ አንዲት ነጥብ ናት። አረንጓዴ ስትሆን የእናትየው ወንበር ይወጣል። ቀይ ስትሆን ወንበሩ ይገባል፤ መስኮቱ ይዘጋል፤ በበሩ ሥር እርጥብ ጨርቅ ይወተፋል። ከማቅለጫው ጀርባ ያለችው ሳጥን ያቺ ብቻ ስለሆነች፣ ጎረቤቱም ልብስ ከማስጣቱ በፊት ሽቅብ ይጮሃል። «መርፌ! ዛሬ ምን ትላለች?» እናትየው ማታ ማታ ሳታስል መተኛት ጀመረች። ለመርፌ ከዚህ የሚበልጥ ነገር አልነበረም፤ እስከዚያ ጊዜ ድረስ።

ባለሳጥኑ ሳጥኗን አቧራ ሊያራግፍላት ተመልሶ መጣ። ሻይ ጠጣ። የተሰነጠቀውን ሳንቃ ልጠግነው ቢል መርፌ ከለከለችው።

«ለምን?» አላት።

«ብርሃን ይገባበታል።»

ሲሄድ በሩ ላይ ቆሞ ጫማውን አየ። «እንግዲህ ደህና ከሆነች አልመጣም። ከተማው ሙሉ ሳጥን ነው፤ ደህና የሆነችዋ ጋ ሂድ የሚለኝ የለም።»

«ማን ና አለህ?» አለችው መርፌ። በሩን ዘግታ ጀርባዋን አስደገፈችበትና እርምጃው ከደረጃው እስኪጠፋ ድረስ አዳመጠች።

ነጥቧ ደህና ሆነች። አረንጓዴም ቀይም ሆነች፤ ግን ግራጫ አልሆነችም። መርፌ በየጠዋቱ ታያታለች፤ የዚያችን ነጥብ ጤንነት እንደ ጠላት ጠላችው። የስልክ ቁጥሩ አላት። ግን እሷ ሰው ጠርታ አታውቅም፤ የሚመጣ ይመጣል፣ የሚቀር ይቀራል ብላ ነው ያደገችው። እናም አንድ ምሽት፣ ትራስ ስትሞላ፣ ቁንጥር ጥጥ በጣቶቿ መካከል ፈተለች። ሰገነቱ ላይ ወጥታ ወንበሩ ላይ ቆመችና ከሳጥኗ ሥር ካሉት ሁለት ቀዳዳዎች አንዱን ወተፈችው።

ጠዋት ነጥቧ ግራጫ ነበረች። ከሰዓት በኋላ መሰላሉ ደረጃውን እያንኳኳ ወጣ።

ባለሳጥኑ ክዳኑን ፈትቶ ጎንበስ አለ። በወረንጦ ጥጡን ሳበው። መዳፉ ላይ አድርጎ ለረጅም ጊዜ አየው።

«አቧራ ነው» አለ። «የዚህ ሰፈር አቧራ ይከብዳል።» ጥጡን ሸሚዝ ኪሱ ውስጥ ከተተው።

መርፌ ደስ አላት፤ ትንሽም አዘነች። ይህን ያህል ሞኝ ነው እንዴ?

ከዚያ በኋላ የሰፈሩ አቧራ እየከበደ ሄደ። ሳጥኗ ስትታመም ባለሳጥኑ ይመጣል፤ ሲመጣ ሥራው ይፈጥናል፣ ሻዩ ይዘገያል። አባቱ ማቅለጫው ውስጥ ሠርቶ ሳንባው ነዶ እንደሞተ ነገራት። ሰው የሚበላውን ያያል፣ የሚጠጣውን ያያል፣ የሚተነፍሰውን ግን እንደማያይ፤ ይህ ነገር ከልጅነቱ እንቅልፍ እንደሚነሳው ነገራት። እሷ ትምህርት ቤት ያቋረጠችበትን ክፍልና ከዚያ ወዲህ ለብቻዋ ያነበበችውን ነገረችው። እናትየው በመካከላቸው ታንቀላፋለች፤ ወይም ያንቀላፋች ትመስላለች።

ክረምቱ ሊገባ ሲል አንድ ቀን ባለሳጥኑ ክዳኑን ገጥሞ ከመሰላሉ ሳይወርድ ቆየ።

«በሚቀጥለው ስመጣ አንድ ነገር እነግርሻለሁ።»

«አሁን ንገረኛ። ምላስህን እቤት ረስተኸዋል?»

«መሰላል ላይ ሆኖ አይነገርም።»

«ታዲያ ውረዳ!»

ወረደ፤ ግን አልተናገረም። መሰላሉን ተሸክሞ፣ ጆሮው ቀልቶ ሄደ። እናትየው ዓይኗን ሳትገልጥ «ምስኪን... ጨርሶ ተሰፍቷል» አለች።

ያንን አንድ ነገር መጠበቅ መርፌ አልቻለችበትም። ነጥቧ አረንጓዴ ሆና ዋለች፤ አደረች፤ ሰነበተች። በመጨረሻ አንድ ምሽት፣ ከወትሮው ጠበቅ አድርጋ የፈተለችውን ጥጥ ቀዳዳው ውስጥ ወተፈች።

በማግስቱ ማለዳ ለእንግዳ ማረፊያው የታዘዙ ትራሶችን ተሸክማ ወጣች። ማረፊያው ከተማውን ተሻግሮ ኮረብታው ላይ ነው። በመንገድ ላይ ስልኳ ጮኸ።

«ነጥቧ ግራጫ ናት» አለች እናትየው። «ውጭው ደግሞ ነጭ ነው። የማቅለጫው ግንብ እንኳ... አይታይም።»

«ጉም ነው፣ እማዬ። ጠዋት መቼ ጉም ጠፍቶ ያውቃል?»

«ልውጣ ወይስ ልቅር?»

መርፌ ሳቀች። ግራጫው ከየት እንደመጣ ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም። «ሳጥኗ ትንሽ ተበላሽታ ነው። ዛሬ መጥቶ ያያታል። አንቺ ወንበርሽን ይዘሽ ውጪ፤ ሲመጣ ሻይ ስጪው፤ እኔ እስክመጣ እንዳትለቂው።»

«ማንን ነው የማልለቀው?»

«አንቺ ደግሞ!»

«እኔማ ምን አልኩ» አለች እናትየው። በድምፅዋ ውስጥ ፈገግታ ነበር። መርፌ በኋላ ብዙ ነገር ብትረሳም ያቺን ፈገግታ መርሳት አልቻለችም።

ከማቅለጫው ጀርባ ያረጀ ጎማና ፕላስቲክ የታጨቀበት መጋዘን ከንጋት ጀምሮ ውስጥ ውስጡን ሲነድ ነበር። ጭሱ ወደ ላይ መውጣት አቅቶት ጉሙ ሥር ገብቶ ተኛ፤ ጉምና ጭስ አንድ መልክ ያዙ። ሳጥኗ አይታዋለች። ያልተወተፈችው ዓይን በጨረሯ የሚያልፈውን የብልጭታ ጎርፍ እየቆጠረች ቀይ ትል ነበር። የተወተፈችው ግን ምንም የለም ትላለች። ሁለቱ ስለተጣሉ ሁለቱንም ያመነ አልነበረም። ነጥቧ ግራጫ፤ ማስጠንቀቂያም የለም። እናትየው ትራሷን ይዛ ወጥታ፣ እንግዳ እየጠበቀች፣ ተነፈሰች።

ባለሳጥኑ በግራጫዋ ነጥብ ምክንያት ሲመጣ የመንገዱ ጫፍ ላይ ሽታው ተቀበለው። መሰላሉን ጥሎ ሮጠ። የቀን በር አይቆለፍም። ወንበሯ ላይ ተደፍታ አገኛት፤ ከንፈሯ ጠቁሯል። አዝሏት ወረደ።

መርፌ ተደውሎላት ሆስፒታሉ ስትደርስ ያልተረከቡላት አንድ ትራስ ገና ብብቷ ሥር ነበር። ባለሳጥኑ ኮሪደሩ ውስጥ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ሸሚዙ በጥላሸት ጠቁሯል።

«በሕይወት አሉ» አለ ቀድሞ። «ኦክስጅን ላይ ናቸው።»

አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። ትራሱን አቀፈችው። ከመጋረጃው ወዲያ ኦክስጅኑ ያፏጫል።

«ጥጡን የወተፍኩት እኔ ነኝ» አለች።

«አውቃለሁ።»

ቀና አለች። «ከመቼ ጀምሮ?»

«ከመጀመሪያው። አቧራ ራሱን ፈትሎ አይገባም።» ሸሚዝ ኪሱ ውስጥ እጁን ከተተ። መዳፉ ላይ የጥጥ ፍትሎቹ ነበሩ፤ አንዳቸውንም አልጣለም። «ልነግርሽ የነበረው ይኸው ነበር። እንደማውቅ። ከእንግዲህ ሳትወትፊ ጥሪኝ፤ ወይ ደግሞ... ጭራሽ አብረን እንሁን፣ መጥራትም አያስፈልግሽ፣ ልልሽ ነበር።»

መርፌ ይህን ቃል ለመስማት ስንት ጠዋት ነጥብ ስታይ ኖራለች። አሁን ሲመጣ እንደ ድንጋይ ወደቀባት።

«አንተ ባለሙያው ነህ። እኔ ምን እንደማደርግ ባላውቅ፣ አንተ ታውቅ ነበር። አውቀህ ዝም ካልክ አብረኸኝ ነው የወተፍከው።»

«አዎ» አለ።

ቢከራከራት ይሻላት ነበር። ቢሰድባት፣ ጥፋቱን ሁሉ ቢጭንባት፣ የምትመልሰው አታጣም ነበር። ለዚያች «አዎ» ግን መልስ አልነበራትም።

«ሂድ» አለችው። «ሁለተኛ እንዳትመጣ።»

ጥጦቹን ወደ ኪሱ መለሰ። ሄደ። ዞር ብሎ አላያትም፤ ዞር ቢል ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር መርፌ ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ አስባዋለች።

ሐኪሙ ከዚያች ከተማ ውጡ አለ። አክስቷ የምትኖረው ከተራሮቹ ወዲያ፣ ነፋስ በማይጠፋባት ከፍ ያለች ከተማ ነው። ፍራሽ ለመስፋት የትም ቦታ ይበቃል ብላ መርፌ ዕቃዋን ጫነች። ሳጥኗን ግድግዳው ላይ ትታት ወጣች፤ ቀና ብላ አላየቻትም።

እዚያ አየሩ ጥሩ ነበር፤ ግን ዘግይቷል። እናትየው አሁን አንዱን ዓረፍተ ነገር ለአራት ነው የምትከፍለው። አንድ ቀን በአክስትየው በረንዳ ላይ ተቀምጣ «ልጁን... ጥሪው» አለች።

«አልጠራም።»

«እኔን የሚገድለኝ... የአንድ ቀን ጭስ አይደለም። የአርባ ዓመት ጥጥ ነው።» አረፈች። «ደረቴን... የኩራትሽ ምክንያት አታድርጊው።»

«እማዬ፣ አትናገሪ፤ ይደክምሻል።»

«ሳልናገር... ልሙት ነው የምትይኝ?» አለችና እንደ ምንም ሳቀች። ሳቁ ወደ ሳል ዞረ።

መርፌ አልጠራችውም። እናትየው ብርድ በበረታ አንድ ማለዳ በተኛችበት አረፈች። ነፋሱ ንጹሕ ነበር፤ ሰማዩ ጠርቶ ነበር፤ ይህ መርፌን ከሁሉ በላይ አበሸቃት።

ለቀስተኛው ተበትኖ ጥቂት ከቆየ በኋላ የአውቶቡስ ሾፌር አንድ ጥቅል አመጣ። ላዩ ላይ «ለእማማ» ከሚል በስተቀር የተጻፈ የለም። ፈታችው። ነጭ ሳጥን ነበረች፤ ሁለት ዓይን ያላት።

«አድራሻውን ማን ሰጠው?» አለች።

አክስትየው ወደ ሌላ አየች። «እናትሽ ናታ። ሌሊት ሌሊት የምትጽፈው መልእክት ለማን መሰለሽ? ለሐኪም?»

መርፌ ሳጥኗን አልጋ ሥር ከተተቻት። እዚያ ብዙ ቆየች። ግን የሚጠረግ ቤት ሁሉ አልጋ ሥሩም ይጠረጋል፤ በጠረገች ቁጥር መጥረጊያው ይነካታል። በመጨረሻ አንድ ቀትር ላይ አወጣቻትና የእናቷ ወንበር ያለበት በረንዳ ግድግዳ ላይ ራሷ ሚስማር መትታ ሰቀለቻትና ሽቦዋን ሰካችው። ማራገቢያዋ ቀስ ብላ መዞር ጀመረች። መርፌ ወንበሩ ላይ አልተቀመጠችም፤ አጠገቡ መሬት ላይ ተቀመጠችና ካርታውን ከፈተች። ምንም ነጥብ ባልነበረበት ባዶ ከፍታ ላይ አንዲት ነጥብ በራች። አረንጓዴ።

ስልኳ ጮኸ።

«ሁለቱም ተስማምተዋል» አለ የሚታወቅ ድምፅ። «እማማ... ወደዷት?»

«አልደረሰችላትም።»

በመስመሩ ላይ ትንፋሹ ሲቆረጥ ሰማች። ሲያለቅስ ሰማች፤ እሷም የለቅሶው ቀን ያልመጣላት እንባ አሁን መጣ። ማንም ማንንም አላጽናናም። ስልኩን ግን አልዘጉትም።

«ለአለቃዬ ሁሉንም ነገርኳት» አለ በመጨረሻ። «እኔን ከሰፈራችሁ አነሳችኝ። ሳጥኖቹንም ቀየርናቸው። አሁን ሁለቱ ዓይኖች ሲጣሉ ግራጫ አይሆንም፤ ሰው ሄዶ እስኪያያት ድረስ መጥፎውን ነው የሚያሳየው።»

«ለእናቴ ዘግይቷል።»

«አዎ» አለ። ያችው «አዎ»።

የማራገቢያዋን ድምፅ አዳመጠች። ባዶውን ወንበር፣ ትራሱ ላይ የቀረውን የራስ ጉድጓድ አየች። ደረቴን የኩራትሽ ምክንያት አታድርጊው።

«እዚህም ጥጥ ሞልቷል» አለች። ድምፅዋ እንደ ድሮው ሹል እንዲሆን ሞከረች፤ ግን መካከሉ ላይ ተበጠሰ። «ልወትፍባት?»

በመስመሩ ላይ አፍንጫውን ሲስብ ሰማችው።

«ተዪ» አለ። «ሳትበላሽ እመጣለሁ።»

መርፌ ዓይኗን በመዳፏ ጠረገች።

«እንግዲያው» አለች፣ «መሰላሉን ትተህ ና።»